ሸሪፉ ያገኛት ፍሬገነት

ወረቀቱ ፍሬገነት መጥሪያውን በገዛ እጇ ተቀብላ ፈርማለች ይላል። ቀኑ ማክሰኞ፣ ቦታው ከጆበርግ ዳር ያለው ሰፈር ዲፕስሉት፣ የራሷ ሱቅ። ፍሬገነት ግን ማክሰኞ ጠዋት ሱቅ ውስጥ ተገኝታ አታውቅም። ማክሰኞ የዕቃ ቀን ነው፤ በጠዋት ታክሲ ተጋፍታ ጆበርግ መሀል ትወርድና ጂፒ በሚሉት የገበያ ሰፈር ካለው ያገሯ ልጆች ጅምላ መደብር ዘይትና ሳሙናዋን ስታስጭን ትውላለች። ይህን ከዳቦ አከፋፋዩ ጀምሮ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። የማያውቀው ፍርድ ቤቱ ብቻ ነው።

«እሺ፣ አንቺ ካልሆንሽ ይቺ የፈረመችው ማናት?» አለቻት ጠበቃዋ ሌራቶ። ሌራቶ ለጠበቃ የሚከፍለው ለሌለው ሰው መንግሥት የሚመድባት ወጣት ናት። ጠረጴዛዋ ላይ የተቆለለው ፋይል ብዛቱ ግማሽ ፊቷን ጋርዶታል።

ፍሬገነት ፊርማውን ገና ከሩቁ አወቀችው። ዛሂራ ናት። ከዛሂራ ሌላ ማንም ሊሆን አይችልም። የሚገርመው ግን አልተናደደችም፤ አፈረች እንጂ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፍሬገነት የሆሳዕና፣ ዛሂራ የወራቤ ልጅ ናቸው። አገር ቤት ሳሉ አንድ ሚኒባስ በሚመላለስበት መንገድ ላይ አድገው አይተዋወቁም ነበር፤ እዚህ ግን አንድ ሱቅ፣ አንድ ድስት፣ ከሱቁ ጀርባ ያለችውንም አንዲት ክፍል ይጋራሉ። አንዷ ቸርች ትሄዳለች፣ አንዷ መስጊድ። የሚያወሩት በአማርኛ ነው። ለሁለቱም ትምህርት ቤት የተማሩት ቋንቋ ስለሆነ ሲጣሉ ቃል ያጥራቸዋል፤ ይህም ቶሎ እንዲታረቁ ረድቷቸዋል።

የጥገኝነት ወረቀቷ የታደሰላት ፍሬገነት ብቻ ናት። የዛሂራ ጊዜው ካለፈበት ቆይቷል። ስለዚህ ሱቁ በፍሬገነት ስም ነው። የማዘጋጃ ቤት ሰዎች ክላሰራቸውን ታቅፈው መጥተው በብረት ፍርግርጉ በኩል «ፍሬገነት?» ሲሉ፣ ውስጥ ያለችው የትኛዋም ትሁን «የስ» ትላለች። ዛሂራን ይህን ያስተማረቻት ራሷ ፍሬገነት ናት። «ከዚህ ፍርግርግ ጀርባ የቆመ ሁሉ ፍሬገነት ነው፤ በእንቅልፍሽም እንዳትረሺው» ብላ ስቃለች። እውነቱን ለመናገር ሰዎቹም ለይተዋቸው አያውቁም። ለእነሱ ሻርፕ ያሰረች ሐበሻ ሁሉ አንድ ናት፤ ደንበኛውም ቢሆን ሁለቱንም «ሲሲ»፣ እህት እንደማለት፣ ብሎ ነው የሚጠራው። እንዲህ ያለው ነገር በየሱቁ አለ፤ ማንም ኃጢአት ብሎት አያውቅም።

ጉዱ የመጣው ከማናሴ ነው። ማናሴ የፍሬገነት ባል ነበር፤ ተለያይተው እሱ ደርባን ከገባ ሁለት ዓመት አልፎታል። የሰባት ዓመቷ ልጃቸው ፊቤ ከእናቷ ጋር ቀረች። እሱ ግን እዚያ ሆኖ ልጅቷ ለእኔ ትሰጠኝ ብሎ ከሰሰ፤ መጥሪያው ለእናትየው ደርሷል ተባለ፤ እናትየው በቀጠሮዋ አልቀረበችም ተብሎ ተፈረደለት። ፍሬገነት ክስ የሚባል ነገር መኖሩን ያወቀችው ማናሴ ፖሊስ አስከትሎ ፊቤን ከነዩኒፎርሟ ከትምህርት ቤት የወሰዳት ቀን ነው። በነጠላ ጫማ ሮጣ ስትደርስ የጠበቃት የልጅቷ ምሳ ዕቃ ብቻ ነበር።

«መጥሪያው እንዳልደረሰሽ ካስረዳን ፍርዱ ይነሳል፤ ጉዳዩ እንደገና እስኪታይ ድረስ ፊቤ ወደ አንቺ ትመለሳለች» አለች ሌራቶ። «ካላስረዳን ደርባን ትቀራለች። የሸሪፍ ቃል ደግሞ እንዲህ በቀላሉ አይሻርም።»

እዚህ አገር ሸሪፍ የሚሉት የፍርድ ቤት ወረቀት የሚያደርሰውን ሰው ነው። ፈረስም ኮፍያም የለውም፤ ያለችው አሮጌ ቶዮታ ናት። ግን አደረስኩ ብሎ ከጻፈ አደረሰ ነው። ቃሉን የሚያፈርሰው «የስ» ያለችው ሴት ራሷ ቀርባ እኔ ነበርኩ ብላ ስትመሰክር ነው።

ፍሬገነት ዲፕስሉት እስክትደርስ ድረስ ታክሲው ውስጥ ያሰበችው ዛሂራን ሳታስደነግጥ እንዴት እንደምትነግራት ነበር። አይ የዋህነት! ሱቁ በር ላይ ቆማ ድምጿን አሰማች። ዛሂራ በፍርግርጉ ቀዳዳ አጮልቃ አየቻትና ሁለቱን ቁልፎች ከፍታ አስገባቻት። ያ በር ካለፈው ብርድ ወራት ወዲህ ለባዕድ ተከፍቶ አያውቅም። ያኔ ዳቦ አምጥቻለሁ ላለ ሰው ከፈቱለትና፣ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ገብቶ ዛሂራ ጆሮ ላይ ሽጉጥ ደቀነ። ፊቤ ባንኮኒው ሥር፣ ከዱቄት ጆንያ ጋር ተጣብቃ፣ አፏን በሁለት እጇ አፍና ነው ያለፈላት። ከዚያ ወዲህ ዳቦው በቀዳዳ ይገባል፣ መልሱ በቀዳዳ ይወጣል፣ ፖሊስም ቢሆን በቀዳዳ ነው የሚያናግራቸው።

ዛሂራ ነገሩን ስትሰማ የለስላሳ ሳጥን ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠች።

«ያ ረቢ! ያ ሰውዬ? እኔ እኮ የማዘጋጃ ቤት መስሎኝ! ፍሬገነት ሲለኝ የስ አልኩ፣ ፈርሚ ሲለኝ ፈረምኩ። ወረቀቱን ካርቶን ውስጥ ወረወርኩት፣ ከካርቶኑ ጋር ተጥሎ ይሆናል። ወላሂ ረስቼው ነው ፍሬ!»

ፊቷን በሻርፗ ሸፍና ተንሰቀሰቀች። የፍሬገነት አንጀት አልቻለም። አጠገቧ ተንበርክካ እንባዋን ጠረገችላት።

«ተይ፣ አታልቅሺ። ጥፋቱ የኔ ነው። በስሜ የስ በይ ያልኩሽ እኔ አይደለሁ እንዴ?»

«በሰው ስም ፈረምኩ ብዬ ፍርድ ቤት ብናገር እኔንስ ምን ያደርጉኛል? ወረቀት የለኝ።»

«አላውቅም» አለች ፍሬገነት፤ ልትዋሻት አልፈለገችም። «ግን ፊቤ...»

«በቃ። ለፊቤ ብዬ እምላለሁ» አለች ዛሂራ። ይህን ስትል ቀና ብላ አላየቻትም። ፍሬገነት ግንባሯን ሳመቻት። ሰው ሲያምን እንዲህ ነው፤ ዓይኑ ለጌጥ ይቀራል።

በማግሥቱ ሌራቶ ጽፋ የሰጠቻቸውን ቃለ መሐላ ይዘው ፖሊስ ጣቢያ ሄዱ፤ እዚህ አገር ሰው የሚምለው ፖሊስ ጣቢያ ባንኮኒ ላይ ነው። ተረኛዋ ፖሊስ ቺፕሷን እየበላች፣ ቀና እንኳን ሳትል «የተጻፈው ሁሉ እውነት ነው?» አለች። ዛሂራ እስክሪብቶውን አንስታ መልሳ አስቀመጠችው። ፍሬገነት ክርኗን ደገፍ አደረገቻት። ዛሂራ እውነት ነው አለች፣ ፈረመች፣ ማኅተሙ ጧ አለ። ሲወጡ ፍሬገነት ቀዝቃዛ ለስላሳ ገዛችላትና ዛፍ ሥር አስቀምጣ አጠጣቻት። ከወረቀት አልባነቷ ጋር ይህን ያህል ከደፈረችልኝ ምን ብዬ እከፍላታለሁ እያለች ነበር የምታያት።

የቀጠሮው ቀን ደረሰ። ዳኛዋ ልጅቷ ትምጣ ብለው ስለነበር ፊቤም ከደርባን መጥታለች፤ ግን ከአንዲት ማኅበራዊ ሠራተኛ ጋር ሌላ ክፍል ውስጥ ናት። ፍሬገነት በበሩ መስታወት ጀርባዋን ብቻ አየችው፤ ጎንበስ ብላ ሥዕል እየቀባች ነበር። ሌራቶ ጎትታ አመጣቻት።

«ይቺን ማኅበራዊ ሠራተኛ አደራሽን ተጠንቀቂያት» አለቻት። «ዛሬ ብናሸንፍም ጉዳዩ እንደገና ሲታይ ዳኛዋ የሚሰሙት የእሷን ሪፖርት ነው። ልጅቷ የተረጋጋ ቤት እንዳላት ማየት አለባት። ጠብ እንዳታይብሽ።»

ችሎቱ ጠባብ ነው፤ ተከራካሪ ከተከራካሪ ጉልበት ለጉልበት ሊነካካ ምንም አይቀረውም። ማናሴ ግራጫ ሱፉን ለብሶ፣ የመዘምራን መሪ በነበረበት ዘመን በለመደው አቀማመጥ ቀጥ ብሏል። መጀመሪያ ዛሂራ ተጠራች። በአስተርጓሚ፣ ቃለ መሐላው ላይ ያለውን ደገመችው፤ እኔ ነኝ የተቀበልኩት፣ ማዘጋጃ ቤት መስሎኝ ነው፣ ረስቼው ነው። ማናሴ ዓይኑን አፈጠጠባት። ፍሬገነት አፈጣጠጡን አየች፤ ትርጉሙን ግን አላወቀችም። ስለመሰከረችበት ነው ብላ አለፈችው።

ቀጥሎ ሸሪፉ ቆመ። ወፈር ያለ፣ ክራባቱን በወርቃማ መርፌ የያዘ ሰው ነው። ሥራው ላይ ጥያቄ በመነሳቱ ቅር ብሎታል፤ ቅሬታውንም አልደበቀም።

«ስሟን ጠየቅኳት፣ አዎ አለችኝ። ከዚህ በላይ ምን ላድርግ?»

«ያቺ ሴት እዚህ ካለች ያሳዩን» አለች ሌራቶ።

ጣቱን ቀጥ አድርጎ ወደ ዛሂራ ቀሰረ። «እሷ ናት። እንዴት እረሳታለሁ!»

ሌራቶ ደስታዋን ዋጥ አድርጋ ተቀመጠች። የምትፈልገውን አግኝታለች። ሸሪፉ ግን አልጨረሰም፤ ስሙ እንዲጸዳለት ፈልጓል።

«ክብርት ዳኛ፣ እኔ በቸልተኝነት አልሠራሁም። የእነዚህን የውጭ ሰዎች ሱቆች አውቃቸዋለሁ። ወረቀቱን በቀዳዳ እሰጣለሁ፣ በቀዳዳ ፈርመው ይመልሱልኛል፤ አንድም ቀን ከፍተውልኝ አያውቁም። ይቺ ሴት ግን መኪናዬን እንዳቆምኩ፣ ገና ማን እንደሆንኩ ሳልናገር፣ በሩን ከፍታ ወጣች። ወንበር ሰጠችኝ። ለስላሳ ከፈተችልኝ። ታዲያ ባለቤቷ አይደለችም ብዬ እንዴት ልጠርጥር?»

ዳኛዋ ራሳቸውን ነቅነቅ አደረጉ። ለእሳቸው ይህ የእንግዳ አቀባበል ወሬ ነው። የማናሴ ጠበቃም ምንም አልታየውም። በዚያ ክፍል ውስጥ ክው ያለችው ፍሬገነት ብቻ ናት።

በሩን ከፍታ ወጣች። ማን እንደሆነ ሳይናገር። ጆሮዋ ላይ ሽጉጥ የተደቀነባት ዛሂራ፣ ዳቦ እንኳን በቀዳዳ የምትቀበል ዛሂራ፣ ለማታውቀው ሰው በር ከፈተች! የማዘጋጃ ቤት ሰው መስሎኝ ነው ያለችው ውሸት ነው። ለማዘጋጃ ቤት ሰው በር አይከፈትም። ማን እንደሚመጣ፣ መቼ እንደሚመጣ ታውቅ ነበር። ስትጠብቀው ነበር።

ፍሬገነት ዞር ብላ አየቻት። ዛሂራ የጫማዋን ጫፍ ታያለች። ማናሴን አየችው፤ እሱ አሁንም ዓይኑን ከዛሂራ ላይ አልነቀለም። ያኔ ገባት። ዛሂራ ሁለቱንም ሸጣቸዋለች፤ መጀመሪያ እሷን፣ ዛሬ ደግሞ እሱን።

እንባዋን የጠረግኩላት! ጥፋቱ የኔ ነው ያልኳት! ፍሬገነትን ብድግ ብላ ይቺ ሴት ቀጣፊ ናት ማለት አማራት። ግን ምን ልታተርፍ? ዛሂራ ዋሽታለች ካለች ቃለ መሐላው ሐሰት ነው። ቃለ መሐላው ሐሰት ከሆነ ዳኛዋ ከእነዚህ ባንድ ስም ከሚኖሩ ሰዎች የትኛዋን ልመን ይላሉ፤ ፊቤም ሥዕሏን ይዛ ደርባን ትመለሳለች። ልጇን የሚያስመልስላት የከዳቻት ሴት አፍ ብቻ ነው።

ሌራቶ ጎንበስ ብላ «የምትጨምሪው ነገር አለ?» አለቻት።

«የለም» አለች ፍሬገነት።

ዳኛዋ ብዙ አልቆዩም። መጥሪያው ለፍሬገነት እንዳልደረሰ አምነናል አሉ፤ ፍርዱ ተነሳ፤ ጉዳዩ እንደገና እስኪታይ ድረስ ልጅቷ ከእናቷ ጋር ትቆይ ተባለ። ዛሂራንም በሰው ስም መፈረም ቀልድ እንዳልሆነ በቁጣ አሳሰቧት እንጂ ሌላ አላሉም። ማናሴ የሱፉን ቁልፍ ቆልፎ፣ ማንንም ሳያይ፣ ልጁን ሊሰናበት ወደ ማኅበራዊ ሠራተኛዋ ክፍል ገባ።

ኮሪደሩ ላይ ዛሂራ እጇን ዘርግታ መጣች። «እንኳን ደስ አለሽ እህቴ! አልሐምዱሊላህ!»

ፍሬገነት ወደ ኋላ ሸሸች። «በሩን ለምን ከፈትሽለት?»

የዛሂራ እጅ እንደተዘረጋ ቀረ።

«ማናሴ ነው አይደል ቀኑን የነገረሽ?»

ዛሂራ ግድግዳውን ተደገፈች። አልካደችም፤ ለመካድ ጊዜው አልፎባታል። «ሸሪፉ ማክሰኞ እንዲመጣ አደርጋለሁ፣ አንቺ ተቀበዪና ዝም በይ አለኝ። ዝም አልኩ። ፍሬ፣ ልጅቷ ከዘረፋው በኋላ እየባነነች ስትነሳ ማንን ነበር የምትጨመድደው? እኔን! አንቺ ደክሞሽ ትተኛለሽ። ከዚህ አወጣታለሁ አልሽኝ። በሚመጣው ወር አልሽኝ። ሌላ ሽጉጥ እስኪመጣ ልጠብቅ? እሱ ደግሞ ደርባን አጥር አለ፣ ዘበኛ አለ አለኝ። ትምህርት ቤት ሲዘጋ አመጣልሻለሁ አለኝ። ከወሰዳት በኋላ ግን ድምጿን እንኳን አላሰማኝም።»

«እና እሱ ሲከዳሽ ወደ እኔ ተመለስሽ።»

«ወላሂ እኔ...»

«አትማይብኝ!» ፍሬገነት ድምጿን ለማፈን ጥርሷን ነከሰች። «ልጄን ከጉያዬ አውጥተሽ ከሰጠሽ በኋላ አታልቅሺ ያልኩሽ እኔ ነኝ። እኔ ነኝ ያባበልኩሽ! አንቺ ደግሞ ተቀምጠሽ ትባበያለሽ። ብትነግሪኝ ምን ነበረበት? ልጅቷን ካላወጣሻት ካንቺ ጋር አልኖርም ብትዪኝ ምን ነበረበት?»

«ነግሬሽ ነበር» አለች ዛሂራ። «አልሰማሽኝም።»

እውነቷን ነው፤ ፍሬገነትን ከሁሉ አብልጦ ያቃጠላትም ይኸው ነው። ከሃዲ እውነት ሲናገር መስማት የመሰለ ስድብ የለም። «ዛሬውኑ ዕቃሽን ይዘሽ ትወጫለሽ» አለች። «ዓይንሽን ማየት አልፈልግም። ፊቤም ከእንግዲህ አታይሽም።»

ይህን እንዳለች የማዶው በር ተከፈተ። ማኅበራዊ ሠራተኛዋ ፋይሏን ታቅፋ፣ ፊቤን እጇን ይዛ ወጣች። ልጅቷ ትንሽ ረዝማለች፤ ጸጉሯም ሌላ ዓይነት ተሠርቷል። ፍሬገነት ወለሉ ላይ ተንበርክካ ሁለት ክንዷን ዘረጋች።

ፊቤ ሮጠች። እናቷን አልፋ ሄዳ ዛሂራ ወገብ ላይ ተጠመጠመች።

«ዛዛ! ልደውልልሽ ስል እኮ ፓፓ ኖ አለኝ! ኤቭሪ ዴይ ኖ አለኝ!»

ከዚያ ወደ እናቷ ተመልሳ አንገቷን አቀፈቻት። ፍሬገነት አጥብቃ ይዛት ሽታዋን ሳበች፤ የማታውቀው ሳሙና ሸተታት።

«እንሂድ ማሚ። ዛዛም ትምጣ።»

«ዛዛ ሥራ አላት።»

«እንግዲያው እኔም አልሄድም» አለች ፊቤና ኮሪደሩ መሀል ዘጭ ብላ ተቀመጠች። «ስባንን ዛዛ ናት የምትይዘኝ።»

ማኅበራዊ ሠራተኛዋ አማርኛ አትሰማም። ዓይኗ ግን ከልጅቷ ወደ ሁለቱ ሴቶች፣ ከሁለቱ ሴቶች ወደ ልጅቷ ተመላለሰ። ፋይሏን ገለጠችና «ቤት ውስጥ አብራችሁ የምትኖረው ይቺ ናት?» ብላ በእንግሊዝኛ ጠየቀች።

ፍሬገነት ከተንበረከከችበት ተነስታ ቀሚሷን አራገፈች። ፈገግ አለች፤ ፈገግታው ከየት እንደመጣላት ጌታ ይወቅ።

«አብራን ነው የምትኖረው» አለች። «እህቴ ናት።» ከዚያም ፈገግታዋን ሳታጥፍ በአማርኛ «ምን ትጠብቂያለሽ? አንሺያት እንጂ» አለቻት።

ሴትየዋ ፋይሏ ላይ አንድ ነገር ጻፈች። ዛሂራ ፊቤን ከወለሉ አንስታ አዘለቻት፤ ልጅቷም ጉንጯን ጀርባዋ ላይ አሳረፈች። ፍሬገነት የልጅቷን ቦርሳ አንስታ ከኋላ ከኋላቸው ደረጃውን ወረደች።